ለወገባችን አዛዥ፣ ስለዘለሏት አንዲት ጥያቄ

ለተከበሩ የክሊኒኩ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ፣ በታካሚዎችዎ የፍቅር አጠራር ለ«ጋሽ ጎንበስ-ቀና»፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለአከርካሪዎ ቀጥ ማለትን፣ ለጉልበትዎ ልስላሴን፣ ለአንገትዎም እንደ ልብ መዞርን እየተመኘሁ፣ ሰላምታዬን እርስዎ ባስተማሩን ደንብ መሠረት ወገቤን ሳላጎብጥ ከጉልበቴ ብቻ አጠፍ ብዬ አቀርባለሁ።

እኔ በየሐሙሱ ወገቡን ይዞ የሚመጣው የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነኝ። ከመጋረጃው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ማስቲካ ሳኝክ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ፌርማታ መሰለሽ?» ያሉኝን ያስታውሱ ይሆናል። ያን መጋረጃ የሰፋችው እናቴ ናት። ክሊኒኩ ለጨርቅ ስለሳሳ ከጉልበት በታች አይሸፍንም፤ ስለዚህ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው የሁሉንም ጫማ፣ የእርስዎንም ማሰሪያው የማይታሰር ቡናማ ጫማ ጭምር ያያል፣ የእርስዎን ድምፅ ደግሞ ሳይፈልግም ይሰማል። በዚህ ሳቢያ የሰበሰብኳቸውን ቅሬታዎች፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ሙሉ ዜጋ በመሆኔ፣ እንደሚከተለው በታላቅ አክብሮት እዘረዝራለሁ።

አንደኛ። አባዬ ዛሬ ጫማውን ራሱ ያስራል፣ መሪም ይጨብጣል፤ ለዚህ እጅዎ ይባረክ። ነገር ግን አባዬ ባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ቢይዘው አረንጓዴ እስኪበራ እያፏጨ የሚጠብቅ ሰው ነው። እርስዎ መጀመሪያ ሳምንት ላይ «እስክነግርዎ ድረስ ወለል ላይ ለብቻዎ ይተኙ፣ ወገብ ከሚያነቃንቅ ነገር ሁሉ ይቆጠቡ» አሉት። ይኸው አንዱ ክረምት ወጥቶ ሌላው ገባ፣ እርስዎም አልነገሩት፣ እሱም ከሳሎኑ ወለል አልተነሣ። መብራትዎ ቀይ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ። የጥያቄዎችዎ ቅደም ተከተል ያስደንቀኛል። «መቀመጥስ? መቆምስ? ደረጃስ? እንቅልፍስ?» እያሉ እንደ መዝሙር ያወርዱታል። አንድ ቀን አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንቅልፉስ ደህና ነው፤ ግን ከባለቤቴ ጋር...» ብሎ ሲጀምር፣ ያን የሚያንዘረዝር ማሽን ከፈቱበትና «የትናንቱን ኳስ አዩት?» ብለው ጠየቁት። አባዬ ኳስ አያይም ነበር። አሁን ግን ደግመው ቢጠይቁት እንዳያፍር ብሎ ማየት ጀምሯል። ትዳሩን ሊያነሣ ሄዶ የአንድ ክለብ ደጋፊ ሆኖ የተመለሰ ሰው ከእሱ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛ። ያዘዙለት የሙቅ ውሃ ላስቲክ ቤታችን ውስጥ ማዕረግ አግኝቷል። እማዬ «ጣውንቴ» ትለዋለች። «ኑ፣ ጣውንቴ ቀዝቅዛለች፣ ውሃ አፍሉላት! እሷን አቅፎ ይተኛ እንጂ!» ስትል አባዬ ይስቃል፤ እማዬ ግን አትስቅም። ባለፈው ጧት መስታወት ፊት ፀጉሯን እያበጠረች «ልጄ፣ አርጅቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ደንግጬ ማስቲካዬን ዋጥኩት።

የጎረቤታችንን ጉዳይ እዚሁ ሦስተኛው ላይ ልቀጥል፣ ከቅናት ጋር ስለሚሄድ። ቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ከመሰላል ወድቆ የአባዬን የመሰለ ወገብ ይዞ ወደ እናንተው ክሊኒክ ሲመጣ፣ ዕድል ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል መራችው፣ እርስዎ «ልጅቷ» ወደሚሏት ባለሙያ። ከእሷ መጋረጃ ሥር ጫማ እንጂ ቃል አይወጣም። እሱ ግን አፉ እንደ ብሩሹ ስለሆነ በራችን ላይ ቆሞ ለአባዬ እንዲህ ሲለው ልብስ እያሰጣሁ ሰማሁ፦ «ወንድሜ፣ ሚስቴንም አስገባቻትና፣ ‹ይሄን ብዙ ሰው ለማንሣት ያፍራል፣ እኔ ልጠይቃችሁ፣ ወገቡ ባልና ሚስትነታችሁን አስቸግሯል ወይ?› አትለንም! እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ፤ ሚስቴ ቀልጠፍ ብላ መለሰች።» ልጅቷ እንዳስረዳቻቸው፣ ለካ ሕመም ተሰማ ማለት አከርካሪ ተሰበረ ማለት አይደለም፤ ለካ ቀስ ይባላል፣ የሚመች ጎን ይመረጣል፣ ትራስ የሚገባበት ቦታ አለው፤ ከሕመሙ ፍርሃቱ ከባሰም እሱንም ማውራት ይቻላል። ሰውዬው በማግስቱ ሁለት አዳዲስ ትራስ በሁለት ብብቱ ይዞ፣ ዋንጫ እንደበላ ሰው በሰፈሩ መሐል አለፈ።

አባዬ የመለሰለት አንድ ነገር ነው፦ «የእኔ ሐኪም አልፈቀደም። ቢቻል ኖሮ ይነግረኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ በቅናት ዓይናችን ደም ለብሷል። ቀለም ቀቢው ሚስቱን ክንዷን ይዞ ሲያልፍ አባዬ መስኮቱን ይዘጋል፣ እማዬ መልሳ ትከፍተዋለች። እኔም ሰው በሌላ ሰው ትራስ ይቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራተኛውን፣ የክፍልዎን አሠራር በመከተል፣ ዘልዬዋለሁ።

አምስተኛ። እማዬ እኔ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። ብርድ ልብሱን መውሰዷን ይቅር ብያታለሁ። ይቅር ያላልኩት አልጋው ሥር ያስቀመጠችውን ሻንጣ ነው። «ሐሙስ ሐኪሙ የሚለውን ልስማና፣ ቅዳሜ እህቴ ጋ ሄጄ ትንሽ ልረፍ» ብላለች። ለትንሽ ዕረፍት የክረምትና የበጋ ልብስ አብሮ አይታጠፍም። እሷ ጠልቶኛል ብላ ዝም፣ እሱ አልተፈቀደልኝም ብሎ ዝም፣ እርስዎም አፍረው ዝም፤ በሦስት ጨዋዎች መሐል አንድ ትዳር ወለል ላይ ተኝቶ ቀረ።

ስለዚህ የማመለክተው ቀላል ነው። በዚህ ሐሙስ ሁለቱም ይመጣሉ። ከእንቅልፉ ጥያቄ ቀጥሎ ኳሱን ትተው ያቺን አንዷን ይጠይቋቸው። ምላስዎ ከከበደዎ ከአንገት እንቅስቃሴዎ ጋር ጧትና ማታ ይለማመዷት፤ ካልሆነም በትሕትና ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ይምሯቸው። መልሱን የመስማት ፍላጎት ፈጽሞ እንደሌለኝ እምላለሁ። የጆሮ ማዳመጫዬን እስከ መጨረሻ ከፍቼ እቀመጣለሁ፣ እንዲያውም ደጅ እወጣለሁ፤ ልጅ ስለ ወላጆቹ ማወቅ ያለበት አብረው መሣቃቸውን ብቻ ነው።

ያልተጠየቀ ሰው ሳይናገር እንደሚኖር አሳምረው ያስተማሩን፣ የዝምታ መምህራችን ሆይ፣ ትእዛዝዎን በመጠበቅ አንድ ክረምት የተሻገርን ቤተሰብዎ ነን።

ወገብዎን አክባሪ፣
የሹፌሩ ልጅ፣ ባለ ማስቲካዋ

ማስታወሻ (አራተኛው)፦ ባለፈው ሐሙስ አባዬን ማሽኑ ላይ ትተው «መጣሁ» ብለው ወጡ። ወዲያው ከፊት ለፊቱ ክፍል መጋረጃ ሥር፣ በልጅቷ ነጭ ሸራ ጫማ አንጻር፣ ማሰሪያው የተፈታ ቡናማ የወንድ ጫማ፣ ከጎኑም አንድ የሴት ጫማ አየሁ። ቃል አልወጣም፤ ሴትዮዋ ግን ስትስቅ ሰማሁ። የማን ጫማ እንደሆነ ለማንም አልናገርም፤ የወገብ ሕመም ባለሙያ አይመርጥም፣ ጥያቄውን ግን የሚያውቁት ሁለት ባለሙያዎች እንደሆኑ ተረዳሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያ ሳቅ ቀናሁ። ሐሙስ ከአባዬ ጫማ ራቅ ብሎ የሚቆመው ጥቁሩ ጫማ የእማዬ ነው።