የማድ ቤቱ ግድግዳ

አስካልዬ፣ የልጄ እናት፣

አፈር ካለበስንሽ ሰባት ወር ሆነ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ወንጂ ለሥራ ስከርም እንኳ ሰላምታዬን በሰው ነበር የምልክልሽ። ይኼ ግን በሰው የሚላክ አይደለም።

ጽጌያችን ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ልጁ የደራ ሰው ነው፣ አስተማሪ። ዝምተኛ ነው፤ ትወጂው ነበር።

እኔ አሁንም በየሰዉ ቤት የመብራት ሽቦ እዘረጋለሁ፤ ሥራው ግን እንደ ድሮው አይደለም። እንደተጋባን ሰሞን በነጋዴዎቹ ቤት ጣሪያ ላይ ወተት የመሰለ የመስተዋት ሽፋን ያለው መብራት ነበር የምሰቅለው። ቤቶቹ ተወርሰው የቀበሌ ከሆኑ ወዲህ የተሰበረ ሽፋን የሚተካ የለም፤ አምፖሉ ራቁቱን ይንጠለጠላል። ለሳሎናችን ያመጣሁልሽ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ሽፋን ግን አሁንም አለ። በየበዓሉ ዋዜማ ወንበር ላይ ቆመሽ አውርደሽ በሳሙና ታጥቢው ነበር። እንግዳ ሲገባ ቀና ብሎ እስኪያየው ትጠብቂያለሽ።

ማድ ቤትሽ ግን በኩራዝ ቀረ። መስኮት የለውም፤ በቀትርም ጨለማ ነው። መብራት አስገባልኝ ብለሽ ሦስት ጊዜ ለምነሽኛል። ሁለቱን ጊዜ ሽቦ ጠፋ አልኩሽ፤ እውነትም ጠፍቶ ነበር። በሦስተኛው ግን አልጋችን ሥር አንድ ጥቅል ነበረኝ። እሱን ለጎረቤታችን ለአዴ ጫልቱ ሱቅ ዘረጋሁት፤ ሰፈሩ ሁሉ እጅህ ይባረክ አለኝ። አንቺ ኩራዝሽን ይዘሽ ገባሽ። በዚያው ክረምት ሳሉ ጀመረሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን።

አርባሽ በወጣ ማግስት አስገባሁት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ሳበራው፣ ከበሩ እስከ መደርደሪያው ድረስ የግድግዳው ጥላሸት በአንድ መስመር ተጠርጎ አየሁ። ውሃ የወረደበት መስሎኝ ጽጌን ጠየቅኋት።

«የእማዬ እጅ ነው» አለችኝ። «ነፋስ ኩራዙን ሲያጠፋባት ግድግዳውን እየዳሰሰች ነበር የምትሄደው። እርስዎን ደጋግማ ማስቸገር አልፈለገችም።»

ወጥቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ አልልሽም፤ ጽጌ ግን ውሃ አመጣችልኝ።

አሁን ለሰርጉ ማድ ቤቱ ኖራ ይቀባ አለች። ተቆጣኋት፤ እንደዚያ ተቆጥቻት አላውቅም። የሞተችው የእኔም እናት ናት ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እውነቷን ነው፤ እኔ ባጠፋሁት የእሷ ሰርግ በጥላሸት መዋል የለበትም።

ዛሬ ጠዋት እሷ ገበያ ስትሄድ ማድ ቤት ገባሁ። በሩን ዘግቼ መብራቱን አጠፋሁ። እጄን መስመሩ ላይ አድርጌ በዝግታ ሄድኩ። ቁመትሽ አጭር ነውና ጎንበስ አልኩ። አምስት እርምጃ ነው። መጨረሻው ላይ ጣቶቼ የጨው ጣሳሽን ነኩ።

ነገ ግድግዳውን የምቀባው ራሴ ነኝ። መንገድሽን ግን እጄ ይዞታል፤ ዓይኔ እስኪከደን አይስተውም።

ባልሽ