ታቦር ቁልቁለት ላይ የተቀዳው

ይድረስ ለአባባ፣ ይርጋለም

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎ ተሻለው ወይ? እማዬስ፣ ያቺ የምታነክሰው ላምስ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን እጄ መፍቻ አልይዝ ብሎኛል። ስልኬን ስለማያነሱ ነው ወረቀት ላይ የወደቅኩት። ስምንተኛ ክፍል ላይ እንደተውኩት ያውቃሉ፣ ፊደሌን ችለው ያንብቡልኝ።

አሁንም ጋራዡ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ የለም። ጉራ አይበሉት። ሞተር ሲነሳ ሰምቼ ብቻ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ የምናገር እኔ ነኝ። ሽቦ የማስርበትን ቋጠሮዬን ደግሞ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ላስቲክ፣ ቀጭን አርጌ ቆርጬ፣ ሦስት ዙር፣ ጫፉን ወደ ውስጥ። የፕላስቲክ ማሰሪያ የሰነፍ ነው እል ነበር። እርስዎ አንዴ «ጎማ እሳት አጠገብ አይታመንም» ሲሉኝ ምን ብዬ እንደመለስኩ ያስታውሳሉ። «አባባ፣ እርስዎ መሪዎን ይያዙ» ነው ያልኩት።

ሁለት ወር ይሆናል፣ ሩታ የምትባል ልጅ ከኮሌጅ ተመርቃ ጋራዣችን ገባች። ስኮፕ የሚሉትን ማሽን ይዛ። ገመዱን ሴንሰር ላይ ይሰኩታል፣ የሚልከው ምልክት ላፕቶፕ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። እኔ «ይሄ የሆስፒታል ዕቃ ነው፣ ሞተር አልጋ ይዟል እንዴ» ብዬ አሳቅኩባት። እሷ ቀና ብላም ሳታየኝ «ያንተ ጆሮ ትናንት የሰማውን ዛሬ መልሶ አይሰማም። ይሄ ይቀዳል» አለች። የጋራዡ ልጆች ሳምንት ሙሉ «ጆሮ» እያሉ ጠሩኝ።

ማክሰኞ ጋሽ ተፈራ ሚኒባሱን አመጣ። ያንኑ፣ እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት የነዱለትን። አዲሱ ሹፌር «መሀል መንገድ ይጠፋብኛል» ብሎ ቁልፉን ጥሎለት ሄዷል። አስነሳሁት፣ ሰማሁት፣ «ጤነኛ ነው፣ ሹፌሩ ነው» አልኩ። ይሄን ስል ሁለተኛዬ ነው።

የመጀመሪያውን እርስዎም አልረሱት። ከታቦር ተራራ ሲወርዱ ባጃጅ ተራው ጋ አጥሩን የመቱ ቀን «ሞተሩ ራሱ ጠፋ፣ ፍሬኑም አብሮት ድንጋይ ሆነብኝ» ብለው ነበር። እኔ በነጋታው ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስቼ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ አንቱታውን ሳይቀር ትቼ «መኪናው ምንም የለበትም፣ አባባ አሸልቦ ነው፣ አርጅቷል» አልኩ። እርስዎ ቁልፉን ጋሽ ተፈራ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ቀና ብለው አላዩኝም።

ሩታ «ቆሞ ጤነኛ የሆነ መኪና ብዙ ነው፣ እንንዳው» አለች። ገመዱን ክራንክ ሴንሰሩ ላይ ሰካች። እሱ የሞተሩን መዞር የሚቆጥር ነው፣ ምልክቱ ከተቋረጠ ሞተሩ ይጠፋል። እኔ ነዳሁ፣ እሷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አርጋ ከጎኔ። ታቦርን ሁለቴ ወጥተን ወረድን፣ ምንም። እየሳቅኩባት ነበር። በሦስተኛው፣ ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ፣ እዚያው ባጃጅ ተራው አናት ላይ ጸጥ አለ። ፍሬኑን ረገጥኩ። አባባ፣ ድንጋይ ነው። በሁለት እግሬ ቆሜበት ነው ያቆምኩት። አንዱ ባለባጃጅ «የአባትህ ልጅ፣ አንተም አሸለብክ?» አለኝ።

ዛፍ ሥር ቆመን ሩታ የተቀዳውን ወደ ኋላ መለሰችው። ጥርሱ እኩል እኩል ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ የለም። ባዶ መስመር። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እየወረደ ነው፣ ሞተሩ ገና እየዞረ ነው፣ ምልክቱ ብቻ ነው የሌለው። አምስቴ አስደገምኳት። «ይሄ ሹፌር አይደለም፣ ሽቦ ነው» አለች። ቀጥላም «ማን ነው አሸለበ ያለው?» ብላ ጠየቀች፣ የእውነት ሳታውቅ። ባለባጃጁ በጣቱ እኔን አሳያት።

ጋራዥ ተመልሰን መኪናው ሥር ገባሁ። የሴንሰሩ ሽቦ ረግቦ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ ተኝቷል፣ ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ያሰረው ነገር በሙቀት ለስልሶ ስለለቀቀው ነው። ማሰሪያውን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ሩታ ከላይ «በምንድን ነው የታሰረው?» ስትለኝ «አላየሁም» አልኳት። አባባ፣ እኔ በሕይወቴ አላየሁም ብዬ አላውቅም። ያላየሁትን እንኳ አይቻለሁ ነው የምል።

ሐሙስ ጋሽ ተፈራንና የባጃጅ ተራውን ሰዎች ሰብስቤ ቅጂውን አሳየኋቸው። «እሳቸው ያሉት እውነት ነበር» አልኩ። ጋሽ ተፈራ «ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው፣ ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም በላቸው» አለኝ። ከዚያ «ግን ሽቦውን ያሰረው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም እኔን አዩ፣ የማውቅ እኔ ነኝና። ሩታ ብቻ እጄን ነበር የምታየው።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የባዶው መስመር ፎቶ ነው፣ ለጎረቤቱም ለቤተ ክርስቲያኑም ሰው ያሳዩት። ሌላው ከሽቦው ላይ የቆረጥኩት ነው። ጠቁሯል እንጂ ሦስት ዙር ቋጠሮው እንዳለ ነው፣ አልፈታሁትም። ሲመጡ ይዘውት ይምጡ። ጋሽ ተፈራ ማነው ያሰረው ብሎ ደግሞ ሲጠይቅ አጠገብዎ እቆማለሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ። ጌታ ወገብዎን ያጽናልን፣ መንገድዎን ቀና ያድርግልዎ።

አሸልቦ የነበረው ልጅዎ
ሀዋሳ