ከድንጋዩ አጠገብ የቆመው ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ላቨርተን ኖርዝ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሥራ ሺፍቴን ጨርሼ መኪና ውስጥ እንደገባሁ ልጄ ሄለን ከአገር ቤት በቪዲዮ ደወለች። የድሮውን ጦር ሜዳ ልታይ ሄዳ ኖሯል። እኔ የተዋጋሁበት ጉብታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ አስጎብኚው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁን ለየሁት። ፊቱን ለማየት ስልኩን አስጠጋሁ። አብሮኝ የተዋጋው ጓደኛዬ ታፈሰ ነው። በሕይወት አለ!

በውጊያው ቀን ቆስሎ ስሜን እየጠራ ጥዬው ሸሸሁ። ለእናቱ ለእትዬ ዘነቡ ግን «በእጄ ቀበርኩት» ብዬ ማልኩላቸው። አምነውኝ ተዝካሩን አወጡ። እኔም ሳላፍር ተቀምጬ በላሁ። ብዙም ሳልቆይ ከአገር ወጣሁ፤ ዞሬም አልጠየቅኳቸው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ የክርስትና ስሙን ከሙታን ጋር አስጠራለሁ።

ስልኩን ዘጋሁባት። ወዲያው በእንግሊዝኛ ጻፈችልኝ፦ «ዳዲ፣ ምን ሆንክ? ሰውዬው ፊትህን ስክሪኑ ላይ አይቶ ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ። ሄለን ምናሴ ስለው ድንጋዩ ሥር ቁጭ አለ።»

ይኸው እንደገና እየደወለች ነው። ከጎኗ ማን እንዳለ አውቃለሁ።