ግንቡ ላይ የሚስቀው ፊቴ

ውድ አለቃዬ፣

ገና በዳዴ ሳለሽ እኔን ማዘዝ ስለጀመርሽ ያወጣሁልሽ ስም ነው፤ ብትቆጪም አልነጥቅሽም። አያትሽ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፤ ጥርሶቼም አንድ በአንድ እየተሰናበቱኝ ነው። የቀሩትን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። በፋብሪካው ግንብ ላይ በር የሚያህል ፎቶግራፌ ተለጥፏል፤ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። ከሥሩ «ጎረቤቶቻችን ደስተኞች ናቸው» ይላል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን ዝቅ አደርጋለሁ። ከገዛ ፎቶው የሚደበቅ ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ?

የምጽፈው ስልኬን ስለማታነሺ ነው። አልፈርድብሽም።

ከስብሰባው በፊት ሁሉን ነግረሽኝ ነበር። ያ «የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍል» የሚባለው፣ ስሙ ከበሩ የሚረዝመው ቢሮሽ፣ ለሰፈራችን በጎ ሥራ ገንዘብ ተመድቦለት ነበር። አንቺ ከፋብሪካው ጨርቅ ማቅለሚያ እየወጣ በደጃችን የሚያልፈው ውሃ በቱቦ ይሂድ አልሽ። ከውጭ የመጣው ረጅሙ ሥራ አስኪያጅሽ ግን «ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይንገሩኝ፤ የዋናው መሥሪያ ቤት ደንብ ነው» አለ። «እዚህ ሰው እንግዳን ፊት ለፊት አያስከፋም፤ ቤት ለቤት እንሂድ» ብትዪው አልሰማሽም። ድንኳን አስተክሎ ስብሰባ ጠራ።

«አባባ፣ አንተ ከተናገርክ ሌላውም ይናገራል» አልሽኝ። «የልጆቹን እግር ቁስል ብቻ ንገረው።»

«እሺ አለቃዬ! ጉሮሮዬን ጠርጌ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ ሰውየው መጣ። ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ያን ሁሉ ቁመት አጥፎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሰላምታውን ያስተማርሽው አንቺ እንደሆንሽ ኋላ ነው የሰማሁት። ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው እንዲህ ሲያከብረኝ አንጀቴን በላው። «ውሃው ያስቸግራችኋል?» ሲለኝ ይሉኝታ ምላሴን ያዘው። ይዞት በቀረ ጥሩ ነበር፤ መልሶ ለቀቀው እንጂ።

«ኧረ ምን ችግር አለው! ልብሳችንን በነጻ ያቀልምልናል!» አልኩ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ፎቶ አንሺው ያኔ ነው ያነሳኝ።

አስተርጓሚዋ ግን አንቺ ነበርሽ። ውሸቴን በአንቺ አፍ አስነገርኩት። አንዲት ቃል ሳታስቀሪ፣ ቀልዱን ጭምር አደረስሽ። እኔን ግን አላየሽኝም። ከእኔ በኋላ የተነሱት ሁሉ «አባባ እንዳሉት ነው» እያሉ ተቀመጡ። ቱቦው ቀረና አበባ ተተከለልን። አንቺም ሥራውን ትተሽ ሌላ ከተማ ገባሽ። ስትወጪ «ደህና ሁን አባባ» ብቻ አልሽ። ብትሰድቢኝ እንዴት በቀለለኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ልጇን ታቅፋ ስታልፍ አየኋት። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «እንዴት ነው ልጁ?» ብላት፣ «ደህና ነው አባባ፣ ምንም አይል» አለችኝ። እኔን ላለማስከፋት! የራሴው ይሉኝታ ዞሮ በጥፊ መታኝ።

ባልዲና መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። ከቦዩ ቀዳሁ፤ ያን ቀን ውሃው ሰማያዊ ነበር። ፎቶዬን መፈተግ ጀመርኩ።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?» አለ ጥበቃው እየሮጠ።

«ፊቴን እየታጠብኩ።»

«በዚህ ውሃ?»

«ሌላ ውሃ አተረፋችሁልን እንዴ?»

ጥርሶቼ ሰማያዊ ሆኑ። ጥበቃው ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ። አለቃዬ፣ በዕድሜዬ የተዘረጋ እጅ ባዶውን መልሼ አላውቅም፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ያን ቀን ዋሸሁህ» አልኩት። «እንግዳ ስለሆንክ አፍሬ ነው። ውሃው ልጆቻችንን እያቆሰለ ነው። እጅህን የምጨብጠው ቱቦው ሲቀበር ነው።»

አንቺ ስለሌለሽ ጥበቃው በተሰባበረ ቋንቋው አስተረጎመ፤ ሦስት ቃል ብቻ!

«ያ ሁሉ ንግግሬ የት ሄደ?»

«ጨመቅኩት አባባ።»

ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ባልዲውን አየ፣ ፎቶውን አየ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተነገረኝም?» አለ በጥበቃው በኩል።

«የልጅ ልጄ ነግራህ ነበር። አንተ ከእኔ አፍ ካልሰማሁ አልክ፤ እኔ ደግሞ አፌን ለሳቅ አዋልኩት።»

ከዚያ ያለ ድንኳን፣ ያለ ፎቶ አንሺ፣ አንቺ እንዳልሽው ቤት ለቤት አዞርኩት። ከልብስ ሰፊዋ ጀመርን። «ምንም አይል» ልትል አፏን ስትከፍት በምርኩዜ መሬቱን መታሁ። ቀና ብላ አየችኝና የልጁን ጨርቅ ፈታች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። ለዋናው መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ ብሏል። ቱቦው ይቀበር አይቀበር ገና አላውቅም። የፋብሪካው ሰዎች ፎቶዬን ከግንቡ ሊያወርዱ ሲመጡ ግን ከለከልኳቸው፤ ውሃው ከደጃችን እስኪርቅ በሰማያዊ ጥርሴ ልሳቅባቸው።

ተመለሺ አልልሽም፤ ያንን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ስልኩን አንሺና ስደቢኝ ብቻ። ሁሉንም ንገሪኝ፤ እንደ ጥበቃው እንዳትጨምቂው።

ፊቱ ገና ያልደረቀው
አያትሽ