በወንድ ይጥሩት
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጄኔቫ

የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊነቱ ቦታ ተለቋል። ዛሬ ምሳ ላይ ለፖርቱጋሎቹ ባልደረቦቼ በራሳቸው ቋንቋ፣ "አ ካቤሳ እሆናለሁ" አልኳቸው። መሪ እሆናለሁ ማለቴ ነበር።

ሮዛ ከት ብላ ሳቀች። "'አ' ብለሽ በሴት ስትጠሪው እኮ አንገት ላይ ያለው ጭንቅላት ነው! መሪ ሲሆን በወንድ ነው የሚጠራው፤ ኡ ካቤሳ።" ሳቋን ሳትጨርስ፣ "ቦታውም የወንድ ነው" ብላ ጨመረችበት።

ቃሉን ስላረመችኝ አመሰግናታለሁ። ሁለተኛውን ግን አልውጠውም። እናቴ ስትኮራብኝ "አንተ!" ነበር የምትለኝ፤ ሴትነቴ የትም አልሄደም።

ነገ ጠዋት አለቃው ዘንድ ገብቼ ቦታውን እጠይቃለሁ። ሮዛ ደስ ካላት "ኡ ካቤሳ" ብላ ትጥራኝ፤ የቅዳሜ ፈረቃዋን የማወጣላት ግን እኔው ነኝ።