ድንች ስለተላጠ የተነሣ ፈቃድ

ለተከበራችሁ የውጭ ሠራተኛ ማስመጫ ፈቃድ ሰጪና ነሺ ሹማምንት፤

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ወገባችሁን፣ ጉልበታችሁን፣ በተለይም ማኅተም የሚመታውን ክንዳችሁን ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ። እኔ በእንግሊዝ አገር በግሪምዝቢ ወደብ ዕድሜዬን በዓሣ ጀልባ ላይ የጨረስኩ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ዛሬ በሚስተር ባክሲ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምኖር ኸርበርት ስኬልተን ነኝ። የምትጽፍልኝ ከጎኔ ባለው ክፍል የምትኖረው ጡረተኛ መምህርት ወይዘሪት ዊኒፍሬድ ናት፤ ስድቤን እየዘለለች ስለምትጽፍ፣ ከደብዳቤው የጎደለ ነገር ያለ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ።

አንደኛ፣ ለድንቻችን ስለሰጣችሁት ትኩረት አመሰግናለሁ። ስትሮክ መትቶኝ ቀኝ እጄ እንደተጨበጠ በቀረ ጊዜ፣ ሐኪሞቹ ጣትህ እንዲፍታታ ኳስ ጭመቅ ሲሉኝ እምቢ ማለቴን ያየችው ከዚምባብዌ የመጣችው ተንከባካቢዬ ቼኔሳይ አንድ ጠዋት ድንችና ቢላዋ ይዛ መጣች።

"አባባ፣ የባሕር ሰው ድንች ሲልጥ አይታማም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ውሸት ነው እንዴ?" አለችኝ።

በእልህ ላጥኩ። በየጠዋቱ አብረን ስንልጥ ጣቶቼ ተራ በተራ ተፈቱ፤ ዛሬ የሱሪዬን ቁልፍ ራሴ እቆልፋለሁ። መርማሪያችሁ የመጡት እንዲህ ተቀምጠን ስንልጥ ነበር። ምን እየሠራች እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ለምሳ ድንች እየላጥን ነው አለች። በአገሯ የሽማግሌ ድካም እሱ በተቀመጠበት ለእንግዳ አይነገርም፤ የሽባ እጅ እያፍታታሁ ነው ብትል እኔን ማዋረድ ሆኖ ታያት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ትርፍ ቢላዋ ስለነበረን ግን ቁጭ ብለው እንዲያግዙን ጋብዣቸው ነበር። እሳቸው ብዕር መረጡ፤ በተንከባካቢነት የመጣች ሴት ወጥ ቤት ታገለግላለች ተባለና የሚስተር ባክሲ ፈቃድ ተነሣ።

ሁለተኛ፣ ሚስተር ባክሲ ሲከሷችሁ እኔም በተሽከርካሪ ወንበር ችሎት ገብቼ ነበር። ዳኛዋ እጅግ ጨዋ ሴት ናቸው፤ እሳቸው የሚያዩት ቼኔሳይ ተንከባካቢ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ሳይሆን፣ ሹሙ አይደለችም ብሎ ቢያስብ ያስኬደዋል ወይ የሚለውን ብቻ እንደሆነ አስረድተው፣ ያስኬደዋል ብለው ፈረዱ። የጀልባችን ካፒቴን፣ ከፊታችን አለት አለ ወይ አትበሉኝ፣ የለም ብዬ ማሰቤ ያስኬዳል ወይ በሉኝ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ከባሕር ግርጌ ነበር።

ሦስተኛውን ወይዘሪት ዊኒፍሬድ አልጽፍም ብላለች።

ይግባኙ በሚመጣው ሳምንት ይሰማል። ከተረታን ቼኔሳይ በሁለት ወር ውስጥ ፈቃድ ያለው ሌላ ቀጣሪ ማግኘት፣ አለዚያም አገር መልቀቅ አለባት። ስለዚህ ከዚያ በፊት መርማሪያችሁን አንድ ጠዋት መልሳችሁ ላኩልን። አሁን እኔን ይጠይቁኝ። ሱሪዬን ማን ይቆልፍልኝ እንደነበር፣ ማን እንዳጎረሰኝ፣ እሷን አስወጥቼ በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ፤ ውርደቱን እኔ እችለዋለሁ።

ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል፤ የነሣሁ ያህል ቁጠሩልኝ።

የማያነብ፣ የማይጽፍ፣ ግን የሚያይ አገልጋያችሁ፣
ኸርበርት ስኬልተን

ማሳሰቢያ፦ ጠበቃችሁ ፈቃዱ የሚነሣው የውጭ ሠራተኞችን ለመጠበቅ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቼኔሳይን እንዴት እንደጠበቃችኋት አይቻለሁና፣ እኔን እባካችሁ አትጠብቁኝ።