በየበሩ ስም የሚጠራው ሰው

ቢቸና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለደምለው፤

ሰላምታዬን ሳላስቀድም አንድ ያሳፈረኝን ነገር ሹክ ልበልህ፤ ከሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው። ባለፈው ማክሰኞ ያንተን ካፖርት ገልብጬ ለብሼ ለቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። ገበሩ ወደ ውጭ፣ የውስጥ ኪሱ እንደ ፍየል ጆሮ ተንጠልጥሎ። እንዲያ ሆኜ ሳለቅስ ረፈደ፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም። በኋላ ፋንታነሽ፣ መቼም ጎረቤታችን ያላየችው ነገር የለም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዘርፌ፣ ሐዘን ነው ወይስ አዲስ ፋሽን መጥቷል?» አለችኝ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ እነግርሃለሁ፤ ረጅም ስለሆነ ደህና አድርገህ ተቀመጥ።

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ብርዱን ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ካንተ ቀድመው በር ላይ ለሚያነቡት የማረሚያ ቤቱ ሰዎችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ሁሌ እያነበቡ አንድም ቀን እንዴት ናችሁ አለመባላቸው ደግ አይደለም።

እዚህ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል። ትናንት አንድ አይሱዙ ከሞጣ በኩል መጥቶ መታጠፊያው ላይ ክላክስ ሲያደርግ ድስቱን እሳት ላይ ትቼ ከደጅ ወጣሁ። ለካ ሰው ይረሳል እንጂ እግር አይረሳም። ያኔ ሞጣ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ ሽንኩርት ልጫን እያልክ የምትመላለስበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? ሽንኩርቱ ካለቀ በኋላም ትመጣ ነበር። ጋቢና አስቀምጠህ ወደ ቢቸና ስታመጣኝ፣ ገና ከመታጠፊያው ሦስቴ አጮህኸውና እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከደጃቸው ብቅ ብለው «መጣ ያ ጩኸታም፤ ደግሞ ዛሬ ሰው ጭኗል» አሉ። ሰፈሩ ሙሽራ መምጣቷን ያወቀው በዚያ ክላክስ ነው። በዚያ በደጀን ቁልቁለት ፍሬንህ ባይከዳህ፣ ያ ምስኪን ሰውም ከመንገዱ ባይገኝ ኖሮ፣ እስከዛሬ ታጮኸው ነበር። የሟች ወገኖች ከታረቁን ቆዩ፤ ፍርድህም ለፋሲካ ያልቃል። ሰፈሩ ግን ስምህን አያነሳም። «ሰውዬሽ እንዴት ነው?» ነው የሚሉኝ፤ ክፋት ኖሯቸው አይመስለኝም፤ ስምህ አፋቸው ላይ የሚሰበር ይመስላቸዋል።

አሁን አብሮህ ታስሮ ወደ ነበረው ወደ እንዳለው ልምጣ። የላክህበትን በእጅህ የሠራኸውን ኮፍያ ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የእትዬ ዘርፈሽ ቤት ይሄ ነው?» ሲል ፊቱን ሳላይ ድምፁን አወቅሁት። ስንቅ ይዤ ሞጣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ስሰለፍ፣ ከውስጥ «ደምለው ማናዬ፣ ጠያቂ» እያለ የሚጣራው እሱ አልነበር? ስምህን በሙሉ የምሰማው እዚያ ብቻ ነበርና ድምፁ ውስጤ ቀርቷል። አስገብቼ አበላሁት። መልእክትህን የተናገረው ከጠገበ በኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። «ጋሼ ደምለው፣ ስወጣ ቢቸና አልገባም፤ ማንም ከማያውቀኝ አገር እገባለሁ ብለዋል፣ እትዬ።» ሰምቼ ወጥ ጨመርኩለት።

የዚሁ የቢቸና ልጅ መሆኑን ነግሮሃል መሰለኝ። በጉርምስናው ጠላ ቤት ተጣልቶ ሰው አቁስሎ ገባ፤ ታርቆ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። እናቱ አርፋለች፤ ቤቷን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አያ የኔሰው ዘንድ አስጠጋሁት፤ ሽማግሌው ብቻውን ነውና ሁለቱም ደስ አላቸው። የእንዳለውን ግራ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ቀኙም ሳይከተል ቶሎ ይደረግ አሉን። ለሕክምናው የጤና መድን ያስፈልጋል፤ ለመድኑ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የሱ መታወቂያ ደግሞ እሱ ውስጥ ሳለ ጊዜው አልፏል።

ቀበሌ ሄድን። የተቀመጠችው ልጅ ትሁት ናት። «ነዋሪ መሆኑን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች አምጡ» አለችን።

«የመፈቻው ወረቀትስ?» አልኳት።

«ወረቀቱ ከዚያ መውጣቱን ነው የሚናገረው፣ እትዬ፤ እዚህ መኖሩን አይናገርም።»

ልክ ናት፤ ግን አናደደችኝ። አንዷ እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ፍለጋ ወጣሁ። ባለሱቁ «አውቀዋለሁ፤ ፊርማ ሲሉኝ ግን እፈራለሁ» አለኝ። ፋንታነሽ «እኔ የማውቀው ንፍጡን ሳይጠርግ ነው፤ አሁን ማን እንደሆነ በምን አውቄ?» አለች። ወፍጮ ቤቱ ሰው ይፈልግ ነበር፤ እሱም መታወቂያና ዋስ አለ። ስንመለስ እንዳለው ምን አለኝ መሰለህ? «እትዬ፣ ስገባ ምስክሩ ችሎቱን ሞልቶት ነበር፤ ስወጣ ነው የጠፋው።» ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን ሳቁ አልቆየም። ለሱ ሁለት ሰው ከጠፋ፣ ሌላው ሲመጣስ ማን ይገኛል ብዬ አሰብኩ።

ይኸኔ ነው እድሩ ትዝ ያለኝ። አያ የኔሰው የፊት ጥርሱ ካለቀ ወዲህ ጥሩንባው እንደ ጥጃ ነው የሚያለቅሰው። አምና አንድ ለቅሶ ሲነፋ ግማሹ ሰፈር የማን ላም ወለደች ብሎ ተገላብጦ ተኛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ሲሰበሰብ ተነሳሁና ለጥሪው እንዳለው ይቀጠር አልኩ።

«ሞታችንን ከእስረኛ አፍ እንስማ?» አለች ፋንታነሽ።

አያ የኔሰው ዞር ብሎ አያት። «ከመልአክ አፍ ልትሰሚ አስበሽ ነው፣ ፋንቴ? እሱ የመጣ ቀን እኮ ቀብሩ ያንቺ ነው።»

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ታዘበው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ፈረዱ። «አንድ ጥሪ ይጥራ። ሰው ከወጣ ይቀጠራል፤ ካልወጣ ለየኔሰው ጥርስ እናስተክላለን።»

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ሆነ። የአንድ ሰው እንጀራ በሌላው ሞት ላይ ሲንጠለጠል ጸሎቱም ይከብዳል፤ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ሁለቱ ግን በየማታው መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ። አያ የኔሰው በዱላው በሩን እያሳየ «ይሄ የእገሌ፣ ያ የእገሊት» ይለዋል፤ እንዳለው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያጠናል።

አሁን የሚቀጥለውን ስነግርህ አይዞህ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ናቸው ያረፉት። ሳይታመሙ፣ በእንቅልፋቸው። መስከረም ላይ እንኳ «ያ ጩኸታም መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ጥሩንባው ተሰማ፤ ጥርት ያለ ነው። የለመድነውን ታውቃለህ፤ ጥሪው መንታ መንገዱ ላይ አንዴ ይነገራል፣ የሰማ ይሰማል፣ ያልሰማም አልሰማሁም ይላል። እንዳለው ግን ጥሪ የሚያውቀው እዚያ እስር ቤት ባስለመዱት ነው። በየበሩ ይቆማል፤ ሰውየውን ከነአባቱ ስም ይጠራል፤ አቤት ካልተባለ አይንቀሳቀስም። እንዲህ አይደለም ያለው የለም። ድምፁ እየቀረበ መጣ። «ፋንታነሽ ውበቴ።» ደገመው። «ፋንታነሽ ውበቴ።» «አቤት፣ ኸረ አቤት፣ ምን ሆንን?» እያለች በነጠላዋ ወጣች።

ከዚያ በእኛ በር ቆመ። የእኔን ስም ስጠብቅ «ደምለው ማናዬ» አለ።

እድሩ ባንተ ስም እንደሆነ ረስቼው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ያ ስም በዚህ መንገድ ላይ ከተጠራ ስንት ጊዜው ነው? አቤት የሚለውስ ማን ነው? እሱ ግን አልሄደም። ድጋሚ ጠራህ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ይሰማል። ያኔ ከበሩ ኋላ በጨለማ እጄ የነካውን ላዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁና «አቤት» አልኩ።

«እማሆይ ወለተ ሥላሴ አርፈዋል። ቀብር ስድስት ሰዓት፣ ጊዮርጊስ» አለና ወደሚቀጥለው በር አለፈ። የካፖርቱ ነገር ይኸው ነው።

ቀብሩን ብታየው ደስ ይልህ ነበር። አልጋ ላይ የከረሙ ሁሉ በዱላ መጡ። ባለሱቁ «ስሜን ሲጠራ ልቤ ልትቆም ነበር» ብሎ ቢያማርር ጋሼ ታዘበው «ታዲያ ወጣህ አይደል?» አሉት። ለእንዳለውም እዚያው ጥሩንባውን ይዞ ይቆይ አሉ፤ ቅጥሩ ጸደቀ።

ፋንታነሽም ስለ ካፖርቱ ሹክ ካለችኝ በኋላ ወዲያው አልሄደችም። ኮሌታውን እያቃናችልኝ «የደምለውን ስም ሲጠራ ሰማሁ» አለች። ሰውዬሽ አላለችም። «ሰኞ ቀበሌ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ቀጥላ። «ሰፈር እየሰማ አቤት ብዬው፣ አላውቀውም ልል ነው?» ሦስተኛው ጋሼ ታዘበው ናቸው። እሳቸው ፋሲካ ዘንድሮ መቼ እንደሚውል ጠየቁኝ። የእድሩን ድንኳን የሚጭን ደህና ሹፌር ጠፍቷል አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ካፖርትህን አቃንቼ እዚያው ሚስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ኮፍያህ ከላዩ ነው።

የሞጣው ጊዮርጊስ ከዚያ፣ የቢቸናው ጊዮርጊስ ከዚህ ሆኖ ይጠብቅህ፤ አንድ ጊዮርጊስ ነው፣ መንገዱንም ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት አራታችንም ቀበሌ በር ላይ ነን። ማኅተሙ ተመትቶ ወደ መድኑ ቢሮ ብንሻገር፣ ወይም «ሲስተም የለም» ተብለን ብንመለስ፣ የሆነውን ሳልሸሽግ ማታውኑ ጽፌ በእህትህ እጅ እልክልሃለሁ።

ስምህ ሲጠራ አቤት የምትለው፣
ዘርፈሽ